ዘይት የሚጠጣው ኳስ

ሐምሌ 6

ይህን ደብተር አንድ ቀን የሚያነብ ሰው ካለ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይረዳልኝ፤ አዲሱ የቦውሊንግ ኳስ ማጭበርበሪያ አይደለም። ሆቴሉ ውስጥ የሚወራውን እሰማለሁ። ሞተር አለው ይላሉ። ማግኔት አለው ይላሉ። የለውም። ክብደቱ ከሆቴሉ ኳሶች አይበልጥም፤ ሦስት ጣት የሚገባባቸው ቀዳዳዎቹም ያው ናቸው። የተለወጠው ልባሱና ሆዱ ነው።

የሆቴሉ ኳሶች ፕላስቲክ ናቸው። ኳሱን የምንልክበት ረጅም የእንጨት መስመር ከመነሻው ጀምሮ ከግማሽ በላይ ስስ ዘይት ይቀባል፤ መጨረሻው፣ ኳሱ የሚጥላቸው ጠርሙስ መሳይ አስር ፒኖች የቆሙበት አካባቢ፣ ደረቅ ነው። የፕላስቲክ ኳስ ዘይቱም ላይ ደረቁም ላይ እንደላኩት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የአዲሱ ኳስ ልባስ ግን በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያሉት፣ ሬዚን የሚባል ሙጫ መሰል ነገር ነው። ዘይቱ ላይ ይንሸራተታል፣ እግረ መንገዱንም ይጠጣዋል፤ ደረቁ እንጨት ላይ ሲደርስ ወለሉን ይቆነጥጥና ይታጠፋል። ሆዱ ውስጥ ደግሞ ሆን ተብሎ ሚዛኑ የተዛባ ከባድ ነገር አለ። በዚህ የተነሳ በዞረ ቁጥር ዘይት ያልነካው ጎኑ ወደ ወለሉ ይመጣል፤ መቆንጠጡ አይደክምም። ፒኖቹን የሚመታቸው ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ገብቶ ነው፤ አንዱ ሌላውን እየጣለ አስሩም ይረግፋሉ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰበቃን በጠመኔ ሳስተምር ኖሬ፣ ሰበቃ እንዲህ ሲያምር ያየሁት ሐሙስ ዕለት ነው። ዶክተር ፍሬዘር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ኦቶና ሆስፒታል የተመደበው ወጣቱ ቀዶ ሐኪም፣ ይዞት የመጣውን ኳስ ወደ ቀኝ ጠርዝ ላከው። ከመስመሩ ጎን ያለው ቦይ ውስጥ ሊገባ ነው ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል ታጠፈ! ስሙን እንደ ጠሩት ሰው ዞር አለ። አስሩም ወደቁ። ብድግ ብዬ ጮህኩ። ጡረታ የወጣች የፊዚክስ መምህርት እንዲህ አትጮህም።

የጥንድ ጓደኛዬ ኤርካሎ አጠገቤ ነበር። «ጥሩ ነው» አለ። 

ሐምሌ 10

ሐሙስ፣ የጨዋታ ቀን። በችኮላ።

የመሲ ኳስ ጣቴ ላይ ልክ ሆነ! መሲ የዶክተሩ ባለቤት ናት፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ ጣቷ አብጦ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ አላት። «ቲቸር፣ እስክወልድ እርስዎ ይጫወቱበት። ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ሰማያዊ ነው፤ ውስጡ ደመና ያለው ይመስላል። ሦስት ጊዜ ቦይ ገባብኝ። አራተኛው ታጠፈ። ታጠፈ!

ሐምሌ 13

ከጸሎት ቤት መልስ ዝናብ ጣለ፤ ዳሞታ ተራራ ከነአካቴው አይታይም። በሰፊው ለመጻፍ ጊዜ አለኝ።

ስለ ኤርካሎ እስካሁን አለመጻፌ ልክ አይደለም፤ ቦውሊንግ ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ትምህርት ቤት እኔ ፊዚክስ፣ እሱ ስፖርት ስናስተምር ኖረን በአንድ ዓመት ጡረታ ወጣን። እኔ ባለቤቴን፣ እሱ ባለቤቱን የቀበርነውም በተቀራረበ ጊዜ ነው። ሆቴሉ አራት መስመር ያለው መጫወቻ ሲከፍት መጣና «ብርሃኔ፣ ቤት ተቀምጠሽ ግድግዳ ከምታርሚ ተነሺ» ብሎ ወሰደኝ። ከተማው ሁሉ ቲቸር ይለኛል፤ በስሜ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው። የዘመን መለወጫውን የጊፋታን በዓል ዋንጫ በጥንድ ገብተን ሁለት ዓመት ተከታትለን በልተናል።

የእሱ ኳስ ጎኑ የተፈነከተው የሆቴሉ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ከዚያ ሌላ አይነካም። «ትከሻሽን ተዪው፤ እግርሽን አስተካክዪ። ኳሱ እግርሽ ወዳየበት ይሄዳል» ይለኛል።

ሆቴሉ አንድ ወግ አለው። በመጀመሪያው ውርወራ አስሩንም የጣለ ሰው ስትራይክ አገኘ ይባላል፤ ያን ጊዜ የመጫወቻው ኃላፊ ሀብታሙ፣ የድሮ ተማሪዬ፣ ደወል ይደውላል። ቤቱ ያጨበጭባል። ባለ ስትራይኩ አንድ ሰሃን ቆሎ ይቀርብለታል። ኤርካሎ ቆሎ ሲመጣለት ሁልጊዜ ሰሃኑን ወደኔ ይገፋዋል። ጥርሴን ያመኛል ይላል። ባለፈው ጊፋታ ጥሬ ሥጋ ሲበላ አጠገቡ ነበርኩ፤ ጥርሱ ምንም አልሆነም። ለምን እንደሚል አላውቅም።

ሐምሌ 17

ዛሬ ለኤርካሎ ቀለበቶቹን አሳየሁት። አዲሱ ኳስ ከፒኖቹ ጀርባ ዞሮ ሲመለስ ዘይቱ ልባሱ ላይ ቀለበት ቀለበት ሠርቶ ይታያል። በፕላስቲክ ኳስ ላይ ቀለበቱ አንድ ነው፤ ሁሌ በዚያው ጎኑ ስለሚንከባለል። በዚህኛው ላይ ግን ቀለበቶቹ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተዋል። ሆዱ ውስጥ ያለው ክብደት ሥራውን ሲሠራ በዓይን ይታያል! ክፍል ውስጥ ይህን የመሰለ መርጃ መሣሪያ ቢኖረኝ ኖሮ ማንም ልጅ አይተኛብኝም ነበር።

ኤርካሎ መነጽሩን አውጥቶ በደንብ አየው። እንደ ሁልጊዜው የሹራቡ ቁልፍ አንድ ጎድሏል።

«የሚያምር ነገር ነው» አለ። «ግን ፒኖቹን የጣልሽው አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?»

«ሁለታችንም።»

«እንግዲያው እኔ ሦስተኛ ሆንኩ ማለት ነው።»

ቀልድ ነው። ሳቅሁ።

የዶክተሩን ኳስ እንዲሞክር ለመንኩት። «ጣቴ አይገባም» አለ። ሳይሞክር ነው ያለው። ሳይለካ የሚመልስ ተማሪ አልወድም።

ነሐሴ 2

የዋንጫው ደንብ ስብሰባ። ሀብታሙ «ቲቸር፣ ደንቡን እርስዎ ይጻፉ፤ እርስዎ ካሉ ማንም አይከራከርም» ብሎ ሰብሳቢ አደረገኝ። ተከራከሩ።

ታሪኩና ሰብለ፣ ባንክ የሚሠሩት ጥንዶች፣ ቀድመው ተናገሩ። ታሪኩ «ዶክተሩ ኳስ አለው፣ እኛ የለንም። ይሄ ውድድር ነው ወይስ ኤግዚቢሽን?» አለ። ሰብለ «አንተ ኳስ ቢኖርህም ቦይ ነው የምትከተው» አለችው፤ ቤቱ ሳቀ።

ዶክተር ፍሬዘር ይኸው ክርክር ውጭ አገርም እንዳለ ነገረን። ነጥብ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ድሮ በስንት ጊዜ አንዴ የሚታይ ጨዋታ አሁን ተራ ሆኗል፤ አንዳንዱ ስፖርቱ አደገ ይላል፣ አንዳንዱ ብልሃቱ ከእጅ ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ገባ ይላል። የልባሱን ጥንካሬ የሚለኩ፣ እስከዚህ ድረስ ብቻ የሚሉ ደንቦች አሉ አለ።

ኤርካሎ መጨረሻ ላይ ተናገረ። «ኳሱ ይከልከል አልልም። ግን መስመሩን ይጠጣዋል። እነሱ አሥር ጊዜ ከላኩ በኋላ የኔ ኳስ የሚያውቀው መንገድ የለም። እኔ አልተለወጥኩም፣ ወለሉ ተለወጠብኝ።»

ይህን ሞክሬ አይቼዋለሁ። የፕላስቲኩ ኳስ መስመሩ ሲደርቅ በጥቂቱ ይንሻፈፋል፤ እውነት ነው። ግን ትንሽ ነው። «ልዩነቱ ትንሽ ነው» አልኩ።

«ትንሽ ለማን?» አለ።

መልስ ነበረኝ፤ ሰዓት ስለሄደ አለፍኩት። አዲሱ ኳስ እንዲፈቀድ ወሰንን። ደንቡን ቤት ወስጄ በንጹሕ ገለበጥኩት። ውድድሩ በበዓሉ ሰሞን ስለሚውል፣ መጫወቻው በሙሉ ይታጠብ የሚል አንቀጽም ጨመርኩ። ወለሉ ላይ የኳስና የጫማ ዱካ ማየት አልወድም።

ነሐሴ 8

ሁለት ቁጥር መጻፍ ደስ ይለኛል፤ ነጥቤ አምና በአማካይ 138፤ ዛሬ 203። በስድሳ አራት ዓመቴ! ከመሰላል ወደ ሊፍት እንደ መግባት ነው።

ከጨዋታው በኋላ ዶክተሩ «ዘንድሮም ከአቶ ኤርካሎ ጋር ነው የሚገቡት?» አለኝ። ደስታው አቅሌን አስቶኝ ነበር። «ኤርካሎማ ማርሽ የሌለው ሳይክል ነው። ሜዳ ላይ ደህና ነው፤ ዳሞታን ግን ይዤው አልወጣም» አልኩ። ዶክተሩ ሳቀ፤ ሀብታሙም ሳቀ። መሲ አልሳቀችም። ወደ ኋላዬ እያየች ነበር።

ኤርካሎ ከወንበሩ ጀርባ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስር ነበር። የሰማ አይመስለኝም። ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ እየደበደበ ነበር፤ ከዚያ ርቀት ድምፅ በደንብ አይሰማም። ደግሞም የተናገርኩት ስለ ኳሱ ነው።

ጫማውን አስሮ ጨረሰ። ከዚያ ተቀምጦ ፈታው። ሳይጫወት ሄደ።

ነሐሴ 9

አልሰማም።

ነሐሴ 15

ኤርካሎ አልመጣም። ጉኑኖ፣ ወንድሙ ጋ ሄዷል አሉ። የእንሰት ሥራ አለበት። ከዶክተሩ ጋር ተጫወትኩ።

ነሐሴ 17

ዛሬ የምርምር ቀን ነበር! ኳሱ ሰሞኑን ሰነፈብኝ፤ መታጠፍ ሲገባው ይተኛል። ዶክተሩን ጠየቅሁት፤ ልባሱ ዘይት ጠጥቶ ሲጠግብ ነው፣ መቆንጠጥ ይተዋል አለ። በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። ውሃው በጣም ከሞቀ ኳሱ ይሰነጠቃል።

በረንዳ ላይ በባልዲ ነከርኩት። ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ደፍኛለሁ። ውሃው ላይ የዘይት ዓይኖች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ትንንሽ፣ ከዚያ እየተገናኙ ትልልቅ። አንድ ሙሉ ወር የጠጣው የሆቴሉ ዘይት ነው! ጎረቤቴ በአጥሩ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ቲቸር፣ ሐብሐብ ነው የሚያጥቡት?» አለችኝ። «ጥናት ነው» አልኳት። «ሲበስል ይጥሩኝ» አለች።

ይህን ለኤርካሎ ብነግረው በሳቅ ይወድቅ ነበር። ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ሥራ ላይ ያለን ሰው መረበሽ አያስፈልግም።

እንሰት ይህን ያህል ቀን የሚይዝ ሥራ እንዳለው ግን አላውቅም።

ነሐሴ 22

ዛሬ በተከታታይ አምስት ስትራይክ! አምስተኛው ሲወድቅ ዞር ብዬ ጭብጨባ ጠበቅሁ። ታሪኩ ስልኩን እያየ ነው። ሰብለ ታዛጋለች። ደወሉ የት ሄደ?

ሀብታሙ አፍሮ እጁን እያፋተገ መጣ። «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በእርስዎና በዶክተር ኳስ ደወሉ ዝም አይልም፤ ቆሎውንም አልቻልነው። ከዛሬ ጀምሮ አስቀርተነዋል። ዘይቱም እንደዚሁ ነው፤ ለአራት ወር ያልነው በሁለት ወር ሊያልቅ ነው።»

መጫወቻውን የምታጸዳው አያልነሽ መጥረጊያዋን ተደግፋ ትሰማ ነበር። «ድሮ ደወል ሲጮህ ከኩሽና ድረስ ሮጬ እመጣ ነበር» አለች። «ማን ጣለ፣ ማን ጣለ እያልን። አሁን የማይጥል ሲገኝ ይደወል።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤት እስክደርስ ስለዚህ ነገር አሰብኩ። ስትራይክ ብርቅ የነበረው ከባድ ስለነበረ ነው። አሁን ቀላል ሆነ ማለት ግን አይደለም፤ ችግሩ ቦታ ነው የለወጠው። ድሮ ችግሩ እጅ ላይ ነበር። አሁን ዘይቱን ማንበብ ነው፤ የት እንደ ቀረ፣ ማን እንደ ጠጣው፣ ኳሱ የት ላይ እንደሚነቃ። የሚታይ ነገር ስላልሆነ ተመልካች አያጨበጭብለትም። ይህን የሚረዳኝ ሰው አንድ ነው።

ነሐሴ 29

ከዶክተሩ ጋር በጥንድ ተመዘገብን። ኤርካሎ ስሙን አላስመዘገበም፤ ቀኑ ዛሬ አለቀ። ደንብ ደንብ ነው።

መሲ በትልቁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታየኝ ቆየችና «ቲቸር፣ ዛሬ በሩን ስንት ጊዜ አዩት?» አለችኝ።

«ንፋስ እየገባ ነው።»

«እሺ» አለች። «ንፋሱ ከጉኑኖ በኩል ነው አይደል?»

ይህች ልጅ ብትወልድ ይሻላታል።

ጳጉሜ 2

ደወልኩለት። የደወልኩት ስለ ውድድሩ ለማሳወቅ ነው።

ዝናቡ እንዴት ነው አልኩት። ደህና ነው አለ። እንሰቱስ? ደህና ነው።  ከወዲያ ዶሮ ይጮሃል።

«ኳሱ ደህና ነው?» አለኝ።

ስለ ኳሱ ነገርኩት። ስለ ባልዲው፣ ስለ ዘይት ዓይኖቹ፣ ስለ አምስቱ ስትራይክ፣ ኳሱ ስለሚታጠፍበት ማዕዘን። ብዙ አወራሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እሱም ሁለት ጊዜ «አሃ» ብሏል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው አንተስ ደህና ነህ ብዬ አለመጠየቄ የገባኝ። ዝናቡን ጠይቄያለሁ፣ እንሰቱን ጠይቄያለሁ፤ እሱን አልጠየቅሁም።

እንደገና መደወል ነበረብኝ። ምን ብዬ?

መስከረም 3

አዲስ ዓመት ገባ፤ የወላይታው ዘመን መለወጫ ጊፋታ ደግሞ ከፊታችን ነው። ከተማው ተነቃንቋል፤ ግድግዳ የሚቀባው ይቀባል፣ በሬ ለመግዛት የሚዋጣው ይዋጣል፣ ዳጣ የሚፈጨው ይፈጫል።

መሲ የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆነች ሁሉን ትጠይቃለች። «ቲቸር፣ ለጊፋታ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አይሻገርም የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መግባት ነውር ነው። ሽማግሌም ቢሆን፣ ልጅም ቢሆን ሄዶ ይታረቃል።»

«ማን ነው የሚሄደው? የበደለው ወይስ የተበደለው?»

«የበደለው።»

«እርስዎስ የተጣሉት ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ። ከኤርካሎ ጋር አልተጣላንም። ለመጣላት ሁለት ሰው መናገር አለበት፤ እሱ ምንም አልተናገረም።

መስከረም 9

ነገ ውድድሩ ነው። 

ማምሻውን ሆቴሉ ሄድኩ። አያልነሽና ሁለት ሴቶች መጫወቻውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲያጥቡ ደረስኩ፤ ወንበሩን፣ ግድግዳውን፣ አራቱን መስመሮች ከመነሻው እስከ ፒኖቹ ሥር ድረስ። እንጨቱ እንደ መስተዋት ያበራል። «ለጊፋታ ቤት ሳይታጠብ ሊያድር ነው እንዴ ቲቸር?» አለች አያልነሽ። «ስንት ወር የተጋገረ ቅባት ነው ያወጣነው!»

«አበጃችሁ» አልኳቸው። ንጽሕናውን ወደድኩት።

ሀብታሙ እንደሆነ የድሮው ዘይት አልቆበት አዲሱን አስጭኗል። ጠዋት ይደርሳል፤ ከውድድሩ በፊት ይቀባል። ተማሪዬ ነው፤ አምነዋለሁ።

መስከረም 10፣ ጠዋት

ዘይቱ አልደረሰም። መኪናው ዲምቱ ላይ ቆሟል፤ ጎማ። ሀብታሙ ስልክ ላይ ነው፣ ላብ አጥምቆታል። እንግዶች ገብተዋል። ከዞን ቢሮ የመጡት ፊት ወንበር ይዘዋል። ይራዘም ቢባል ማን ይሰማል? መስመሩ ደረቅ ነው። ሙሉ በሙሉ ደረቅ። እጄን አስኬድኩበት፤ ጣቴ አይንሸራተትም።

ይታጠብ ያልኩት እኔ ነኝ። ዘይቱን የጨረሱትም የኛ ኳሶች ናቸው።

ተጠራን።

መስከረም 10፣ ከሰዓት

እንደሆነው በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

የመጀመሪያውን ዶክተር ፍሬዘር ላከ። ኳሱ ከእጁ እንደወጣ ወለሉን ቆነጠጠው። የሚንሸራተትበት ዘይት የለም። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ወደ ግራ ታጥፎ ቦይ ውስጥ ገባ። ከኋላ አንዱ «ዶክተር፣ ኳሱ ተራ ደርሶታል፣ ወደ ኦቶና እየሄደ ነው!» አለ። ሳቁ ጣሪያውን አነሳው። ዶክተሩም አብሮ ሳቀ፤ ጨዋ ልጅ ነው።

እኔ አልሳቅሁም፤ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር በዚህ ክረምት እንደዚያች ደቂቃ የነቃሁበት ጊዜ የለም። ሰበቃው ከፍተኛ ነው፤ ስለዚህ ፍጥነት ጨምሪ፣ ማዞሩን ቀንሺ፣ ወደ ቀኝ ጠርዝ ሂጂ። ሁለቱ ቦይ ገቡ። ሦስተኛው ቆመ ቆመ አለና ታጠፈ፤ ስምንት ጣለ! ዶክተሩም ተከተለኝ። ቀስ በቀስ ቀረብን። ታሪኩና ሰብለ በሆቴሉ ፕላስቲክ ኳስ ቀጥ ቀጥ እያደረጉ ይልካሉ፤ ደረቁ ወለል ትንሽ ነው የነካቸው። ስድስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ። ሳይቸኩሉ።

በመጨረሻው ዙር እነሱ ጨርሰዋል። እኔ በመጀመሪያው ውርወራ ዘጠኝ ጣልኩ። አንድ ቀረ፤ በስተቀኝ ጥግ ያለው። እሱን በሁለተኛው ውርወራ ከጣልኩ ዋንጫው የኛ ነው። ሰማያዊው ኳስ እዚያ ጥግ በዚህ ወለል ላይ አይደርስም፤ ቀድሞ ይታጠፋል። ቀጥ ያለ ኳስ ያስፈልጋል። ወደ መደርደሪያው ሄድኩ፤ እጄ ጎኑ የተፈነከተውን ጥቁር ኳስ አነሳ። ቀዳዳዎቹ ለኔ ሰፊ ናቸው። እዚያ ኳስ ላይ ከሐምሌ ወዲህ ማንም እጁን ያስገባበት አይመስልም።

እግርሽን አስተካክዪ። አስተካከልኩ።

ክረምቱን በሙሉ ግን ቀጥ ያለ ኳስ አንድ ቀን አልተለማመድኩም። አዲሱ ኳስ ይታጠፍልኛል ብዬ እግሬን ረስቼዋለሁ። ኳሱ በፒኑና በቦዩ መካከል፣ ወረቀት በሚያሳልፍ ክፍተት፣ አለፈ። ፒኗ ንፋሱ ነክቷት ተወዛወዘች። ቆመች።

ሀብታሙ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ደወሉን አውጥቶ ደወለ። ታሪኩና ሰብለ ተቃቀፉ። ቤቱ አጨበጨበ፤ አያልነሽ ከኩሽና እየሮጠች «ማን ጣለ? ማን ጣለ?» እያለች መጣች። እኔም አጨበጨብኩ፣ መዳፌ እስኪቀላ። ደስታዬ የውሸት አልነበረም። ያ ድምፅ ናፍቆኝ ኖሯል።

ቆሎ መጣ። ሰብለ ሰሃኑን አምጥታ «ቲቸር፣ ይብሉልን» ብላ ፊቴ አስቀመጠችው። ጥቂት ዘግኜ ሰሃኑን ወደ ቀኜ ገፋሁት። ቀኜ ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

መሲ አየችኝ። 

መስከረም 11

ዘይቱ ትናንት ማታ ደርሷል። ሀብታሙ ውድድሩን ልንደግመው እንችላለን አለኝ። አይሆንም አልኩ። ደረቁ ወለል ለሁላችንም ደረቅ ነበር፤ ዋንጫው የነሱ ነው። ደንቡ ላይ ግን አንድ አንቀጽ እጨምራለሁ፤ መስመሩ በታጠበ ቁጥር ዘይት ሳይቀባ ውድድር አይጀመርም። ቆሎውም ይመለስ አልኩ፤ ለስትራይክ ሳይሆን ጥግ ላይ የቀረውን የመጨረሻ ፒን ለሚጥል። እሱ ነው አሁን ከባዱ። ሀብታሙ «ይሄማ ያዋጣናል» ብሎ ሳቀ።

ትልቁ ወሬ ይህ ነው! በጥቅምት የአርባ ምንጭ ተጫዋቾች ይመጣሉ፤ በጥንድ ነው፣ ግን በሌላ ዓይነት። የመጀመሪያውን ኳስ አንዱ ይልካል፤ የቀሩትን ፒኖች የሚጥለው ጓደኛው ነው። ዶክተሩ ውጭ አገር ያየውን ነገረኝ፤ አዋቂዎቹ ሁለት ኳስ ይዘው ነው የሚገቡት፣ የሚታጠፈውን ለመጀመሪያው፣ ፕላስቲኩን ለቀሪው። አዲሱ ኳስ ቀጥ ያለውን ኳስ አላስወጣውም። የመጨረሻውንና አስጨናቂውን ሥራ ነው የሰጠው። ይህን ስሰማ እንደ ሐምሌው ብድግ ብዬ ልጮህ ነበር።

አንድ ሰው ሁለቱንም መቻል አለበት፤ ወይም ሁለት ሰው መሆን አለበት።

ሰምቶኛል። ዝናቡ ያን ያህል አልነበረም። ያን ቀን ከወንበሩ እስከ እሱ ሁለት ክንድ አይሞላም፤ የተናገርኩትም ስለ ኳሱ አልነበረም።

መስከረም 12

ስደውል አላነሳም፤ ማሳ ላይ ይሆናል። ስለዚህ መልእክት ጻፍኩ። የላክሁት ይህ ነው፤ አንድ ቃል አልቀየርኩም።

«ኤርካሎ፣ ብርሃኔ ነኝ። ባለፈው ዝናቡንና እንሰቱን ጠይቄ አንተን ሳልጠይቅ ስልኩን ዘጋሁ። ደህና ነህ? ስለ ሳይክሉ የተናገርኩትን ሰምተሃል። ሰው ለማሳቅ ብዬ አንተን መሳለቂያ አደረግሁህ። ይቅርታ አድርግልኝ፤ የበደልኩት እኔ ነኝና የምመጣውም እኔ ነኝ። ስለ ወለሉም ልክ ነበርክ። ትንሽ ለማን ብለህ ነበር፤ አሁን አውቄዋለሁ። ዋንጫውን ተሸነፍን፤ የቀረችው አንዲት የጥግ ፒን ነበረች፣ ባንተ ጥቁር ኳስ ሳትኳት። በጥቅምት አርባ ምንጮች ይመጣሉ፤ የመጀመሪያውን እኔ በሚታጠፈው ልላክ፣ የቀረውን አንተ ቀጥ አድርገህ ጣል። ከሌላ ሰው ጋር አልመዘገብም። ጊፋታ በሚቀጥለው እሑድ ነው፤ እንዲህ ሆነን አንሻገር። ነይ ካልከኝ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ጉኑኖ ነኝ። ከሹራብህ ለጎደለው የሚሆን ቁልፍ አግኝቻለሁ፣ ይዤው እመጣለሁ። ቆሎውም ተመልሷል። ጥርስህን አሞህ እንደማያውቅ አውቃለሁ። እሺም በል እምቢ፣ ዛሬ ሳይመሽ መልስልኝ።»